ፊልተሩ ወደ ኬለር፣ ካፕሱሉ ወደ ኪችን

ባለፈው የአዲሱን የቡና ማሽናችንን ፎቶ ስቶሪ ላይ ለጥፌ የወረደብኝ ውርጅብኝ ለጉድ ነው። "የቡና ሀገር ልጅ ሆነሽ ካፕሱል?"፣ "ጀበናዋን ሸጥሻት እንዴ?"፣ አንዷማ "እናትሽ ያውቃሉ?" ብላ ነው የጻፈችልኝ። አዎ ታውቃለች፣ በቪዲዮ አሳይቻታለሁ፣ ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ፣ እኛ ቤት ጀበናን የነካት የለም፣ እሁድ እሁድ በቦታዋ ናት፣ ዕጣኑ አለ፣ ፈንዲሻው አለ፣ የጭስ አላርሙ ይጮሃል፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ያኮርፋል፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ካፕሱሉ፣ ለአንድ ሲኒ የሚሆን የተፈጨ ቡና የታሸገባት ትንሿ ዕቃ ማለት ነው፣ የተካው ቡናውን በወረቀት አጥልሎ የሚያወርደውን ፊልተር ማሽን ነው። ፊልተር ደሞ የጀርመኖች እንጂ መቼ የኛ ሆኖ ያውቃል፣ ለሱ ጠበቃ የሚቆመው ሀበሻ ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

ለነገሩ እዚህ የምንኖርበት ጀርመን ውስጥ ፊልተር ቀልድ አይደለም። ነገሩን የጀመረችው ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የድሬስደን የቤት እመቤት ናት፣ በፈረንጆቹ 1908። ያኔ ቡናው ከነዱቄቱ ይፈላና ስትጠጣው ጥርስህ መሃል ይገባል፣ ደሞ ይመርራል፣ እሷ ይሄ ሲሰለቻት የነሐስ ጣሳ ሥሩን በምስማር በሳሳችና ከልጇ ደብተር ላይ ቀለም መምጠጫውን ወረቀት ገንጥላ አስገባችበት፣ ከላይ ቡና፣ ከዚያ የፈላ ውሃ፣ በቃ ጥርት ብሎ ወረደላት። በዚያው ዓመት በርሊን ሄዶ ተመዘገበ፣ ድርጅቱ ሲከፈት ካፒታሉ 73 ፌኒግ፣ የድሮው የጀርመን ሳንቲም፣ ነበር ይባላል፣ ዛሬ ሱፐርማርኬት ስትገቡ ቀይና አረንጓዴው የፊልተር ወረቀት ላይ ያለው የሷ ስም ነው። እንዲህ አይነት ሴት ነፍሴ ናት። ኤሌክትሪኩም ቢሆን፣ ቪጎማት የሚባለው፣ በ1954 እዚሁ ጀርመን ነው የወጣው። እና ቢሮ ብትሄዱ ፊልተር፣ ሆስፒታል መጠበቂያ ፊልተር፣ የልጆች ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ በትልቁ ቴርሞስ ፊልተር። እኛም ቤት ስንይዝ ከፕሌቱና ከብረት ድስቱ ጋር አብሮ ገባ፣ ማንም አስቦ የገዛው አይመስለኝም።

ክፉ ማሽን አልነበረም። እንዳትበድሉት፣ ወረቀቱ የቡናውን ቅባት ይይዘዋል፣ ካፌስቶል ሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገውን ነገር ማለት ነው፣ ስለዚህ ዶክተር ኮሌስትሮልህ ወጥቷል ያለው ሰው ፊልተሩን ባይተወው ይሻለዋል፣ ይሄን ለሁሉም የምለው ነው። የኛ ችግር ሌላ ነው። ባሌ ኤርፖርት በሺፍት ነው የሚሠራው፣ ጠዋት ሺፍት ሲሆን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል፣ እሱ ግማሽ ጀግ ያፈላና አንድ ኩባያ ጠጥቶ ይሮጣል፣ ቀሪው ምጣዷ ላይ እንደተጣደ ይቀራል፣ እኔ ስነሳ ማሽኑ ራሱን አጥፍቷል፣ ቡናው ግን መጀመሪያ ተቃጥሎ ከዛ ቀዝቅዞ ነው የሚጠብቀኝ፣ ሽታው ራሱ ሌላ። እደፋዋለሁ። አዲስ አፈላለሁ፣ ልጆች እያለበስኩ ግማሽ ኩባያ እጠጣለሁ፣ ቀሪውን ማታ መጥቼ እደፋዋለሁ። ቴርሞስ ያለው ለምን አትገዙም ለምትሉ፣ ሞክረነዋል፣ ሙቀቱን ይይዛል እንጂ ጣዕሙን አይዝም፣ ከሰዓት በኋላ ያው ነው። በየቀኑ ቡና ሲንክ ውስጥ መድፋት ደሞ እንደኔ ላደገ ሰው ይከብዳል፣ እኛ ቤት ቡና መድፋት ጡር አለው ተብሎ ነው ያደግነው፣ አተላው እንኳን በክብር ነው የሚወጣው።

ይሄ ግን ሰበብ ነው፣ እውነቱን ላውጣው። እውነተኛው ምክንያት ማኪያቶ ነው።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሰው ኢትዮጵያዊ ሲባል ጠዋት ጠዋት ረከቦት ዘርግቶ የሚቀመጥ ይመስለዋል፣ በሥራ ቀን ማን ጊዜ አለው? በሥራ ቀን የማሽን ቡና ነው። ካፌ ገብተህ "አንድ ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ" ትላለህ፣ በትንሿ ብርጭቆ ይመጣል፣ ከላይ አረፋው፣ መሃሉ ቡናማ፣ ሥሩ ጠቆር ብሎ፣ ስኳሩን ጨምረህ ሳታማስል መጀመሪያ አረፋውን ትቀምሳለህ፣ እኔ ማማሰልን የምጀምረው አረፋው ካለቀ በኋላ ነው፣ ሌላ አይነት ሰው ጋር አልስማማም። ፒያሳ ያለው ቶሞካ በፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ሲያስጠጣ የኖረ ነው፣ ቆመህ ትጠጣለህ፣ ትወጣለህ፣ አለቀ። ይሄ በጣልያን በኩል የመጣ ነገር ነው፣ እናውቃለን፣ ግን እኔ ከመወለዴ በፊት የመጣ ስለሆነ ለኔ የኔ ነው። ስንቱ ቁም ነገር፣ ስንቱ ሐሜት፣ ስንቱ የሥራ ኢንተርቪው በማኪያቶ አለቀ። ጀበና የቤት ናት፣ ማኪያቶ የከተማ ነው፣ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም፣ ስቶሪዬ ላይ ያጣላችኋቸው እናንተ ናችሁ።

አሁን ፊልተር ቡና ላይ ወተት ጨምራችሁ ታውቃላችሁ? የወጥ ድስት ያለቀለቁበት ውሃ ነው የሚመስለው፣ አመድማ ይሆናል፣ ወተቱ ያሸንፈዋል። ምክንያቱም ፊልተር ቡና ውስጥ ያለው ቡና ከመቶ አንድ እጅ ተኩል እንኳን አይሞላም፣ ሌላው ውሃ ነው፣ ኤስፕሬሶ ግን በግፊት ስለሚወጣ የዚያን ብዙ እጥፍ ወፍራም ነው፣ ወተቱን የሚችለው እሱ ነው። ትክክለኛው የኤስፕሬሶ ማሽን ቤት አስገቡ ብትሉኝ፣ ወፍጮው ለብቻ፣ ማሽኑ ለብቻ፣ መጠቅጠቁ፣ መመዘኑ፣ ዋጋው ደሞ አይነሳ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ባል የለኝም። ካፕሱል እዚህ ጋ ነው የገባው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ኤሪክ ፋቭር የሚባል የስዊስ ኢንጂነር ኔስሌ እየሠራ በ1976 ነው ፓተንት የወጣለት፣ ካፕሱሉን የሚሸጠው የኔስሌ ኔስፕሬሶ እንደ ድርጅት የተቋቋመው ግን ከአስር ዓመት በኋላ በ1986 ነው፣ እንግዲህ አስር ዓመት ሙሉ ማን ይጠጣዋል እያሉ ሲነጋገሩ ነበር ማለት ነው። ፓተንቶቹ ሲያልቁ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሌላውም እየሠራ ያወጣል፣ አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ካፕሱል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ መያዣውን ትከፍታላችሁ፣ ካፕሱሏን ትጥላላችሁ፣ ስትዘጉት ቆቧን በሦስት መርፌ ይበሳታል፣ ፓምፑ ሙቅ ውሃ በግፊት ይገፋባታል፣ ከታች ያለው ስስ ፎይል ሲወጠር ይቀደድና ቡናው ይወጣል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም የለም፣ ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል፣ ከዛ ጥቁር ጠብታ፣ ከዛ ቀጭን ክር የሚያህል፣ ከዛ ቀለሙ እየፈዘዘ ቡናማ አረፋ ከላይ ይቀመጣል። የማሽኑ ካርቶን ላይ 19 ባር ምናምን ብለው በትልቁ ይጽፋሉ፣ ባር የግፊት መለኪያ ነው፣ እሱ ፓምፑ የሚችለው ጣሪያ ነው፣ ኤስፕሬሶ ለመውጣት የሚፈልገው 9 ባር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 15 ያለውን ትቼ 19 ያለውን ልግዛ ብላችሁ ብር እንዳታወጡ።

የመጀመሪያው ቀን ማኪያቶዬን በትንሽ ብርጭቆ አደረግኳት፣ ወተቱን በእጅ መምቻዋ መትቼ፣ ስኳሩን ጨምሬ። ፒያሳ ነው ብዬ አልዋሽም። አረፋው ትንሽ ላላ ይላል፣ ቡናውም ከማሽኑ ፊት ቆሞ እንደሚሠራው ልጅ እጅ አይደለም። ግን ወተቱ ቡናውን አላሸነፈውም፣ ጠቆር ማለት ቻለ፣ ፊልተር በስንት ዓመቱ ያላደረገው ነው።

እማዬ ጋ ልምጣ። በቪዲዮ ደውዬ ማሽኑን አሳየኋት፣ ዝም ብላ አየችና "ቡናውስ?" አለች። ውስጡ ነው እማዬ አልኳት፣ ካፕሱሏን ወደ ካሜራው አስጠጋሁላት።

"ማን ቆላው?"

"ፋብሪካ።"

"መቼ?"

እዚህ ጋ ዝም አልኩ። ካርቶኑን ገለበጥኩት፣ እስከ መቼ እንደሚጠጣ ተጽፏል፣ መቼ እንደተቆላ ግን የለም። አየር ሳያገኘው ታሽጎ ስለሆነ ጣዕሙ ይቆያል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ እሷ ቀድማኝ "እንግዲህ አንቺ ከወደድሽው ጠጪው ልጄ፣ ለእንግዳ ግን እንዳታቀርቢው" አለችና ስለ ሌላ ነገር አወራን።

የእናት ነገር መቼ ይሳሳታል። በሥራ ቀን ሳይደውሉ አምስት ሰው መጡብን፣ ከሌላ ከተማ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ነው፣ ጀበና ልጣድ ስል "ኧረ እንዳትደክሚ፣ መንገደኛ ነን" ተባለ፣ እሺ ብዬ ማሽኑን ከፈትኩት። አንድ ሲኒ ይወጣል፣ ወተት ይመታል፣ ሁለተኛው ይወጣል፣ ወተት ይመታል፣ መሃል ላይ ውሃው አለቀ ብሎ መብራት አበራ፣ ሞላሁት፣ ቀጥሎ ያገለገሉት ካፕሱሎች ሞልተዋል ብሎ አበራ፣ ደፋሁት፣ የመጀመሪያው ሰው ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀምጧል አራተኛው ገና ይጠብቃል፣ ሁሉም ደሞ "ቆይ ይድረሳቸውና አብረን" እያለ ያቀዘቅዘዋል። መጨረሻ ላይ አብረዋቸው የነበሩት ጋሼ "የኔ ልጅ ተይው በቃ፣ ሻይ ካለ ሻይ ይበቃናል" አሉኝ። በዚህ በኩል ፊልተሩ ይበልጣል፣ አንዴ አፍልቶ ለሁሉም እኩል ይቀዳል፣ ጀበናም እንደዛው ናት፣ ካፕሱል ግን ለአንድ ሰው የተሠራ ነገር ነው፣ ቤተሰብ እንኳን አያውቅም። ለዛ ነው ፊልተሩን ያልጣልኩት፣ ኬለር፣ ምድር ቤቱ ማለት ነው፣ እዛ ነው ያለው፣ ለክርስትናና ለልደት ይወጣል።

ብሩን እናውራ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ትንሿ ካፕሱል ውስጥ ያለው ከ5 እስከ 6 ግራም ቡና ነው። አምስት ተኩል ብትሉት ከአንድ ኪሎ ቡና 180 ምናምን ካፕሱል ይወጣል፣ አንዷን በ40 ሳንቲም ከገዛችሁ ኪሎው ከ72 ዩሮ በላይ መጣ። ለፊልተር የተፈጨውን ግማሽ ኪሎ በ7 ዩሮ ብትገዙ ኪሎው 14 ነው። አያስደነግጥም? እዚህ ሀገር ቡና ላይ ራሱን የቻለ ግብር አለ፣ ለተቆላ ቡና በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም፣ ባሌ "ግብሩ ነው ያስወደደው" ሲል አስልቼ አሳየሁት፣ ከአንድ ካፕሱል ላይ ግብሩ አንድ ሳንቲም ከምናምን ነው፣ ሌላው የአሉሚኒየሙና የካርቶኑ የማስታወቂያውም ነው። በኛ ቤት ሒሳብ ግን የምንደፋውም አለ፣ ለአንድ ሊትር ፊልተር 60 ግራም ይገባል፣ ከዛ ግማሹ ሲንክ ይገባ ነበር፣ ይሄ ሲደመር ልዩነቱ ጠበበ። ጠበበ እንጂ አልጠፋም፣ ካፕሱል ውድ ነው፣ ረከሰልኝ የሚላችሁ ሰው ወይ አላሰላም ወይ ይሸጣል።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር ደሞ ሀራራው። የመጀመሪያው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወቅረኝ ነበር፣ አይን አይኔን። ነገሩ የሒሳብ ነው፣ የፊልተር ትልቁ ኩባያ 12 ግራም ቡና ይገባበታል፣ ካፕሱሏ የዚያን ግማሽ እንኳን አትሞላም፣ እኔ አንድ ጠጣሁ ብዬ የጠጣሁት ግማሽ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለውን ግዢ አሉኝ፣ ካርቶኑ ላይ 10፣ 12 እያለ የሚጽፈውን፣ እሱ ደሞ ስለ ካፌይን አይደለም የሚያወራው፣ አቆላሉ ምን ያህል እንደጠቆረና አፍ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። አሁን ጠዋት ሁለት ነው የማወጣው፣ አንድ ለማኪያቶ፣ አንድ ባዶውን። ትልቁን ቁልፍ ተጭናችሁ ከአንዷ ካፕሱል ብዙ ለማውጣት ግን አትሞክሩ፣ ለ40 ሚሊ የተሠራችውን 110 ስታወጡባት መጨረሻ የሚወርደው ምሬት ብቻ ነው፣ ቡና መብዛት ከፈለጋችሁ ትንሹን አውጥታችሁ ሙቅ ውሃ ጨምሩበት።

"ከሀገር ቤት የሚመጣልሽን ቡናስ?" ለምትሉ፣ ይሄን በደንብ ሞክሬዋለሁ። እየሞሉ የሚጠቀሙበት የብረት ካፕሱል አለ፣ እላዩ ላይ ፎይል እየለጠፋችሁ። አማቴ ወፍጮ ቤት አስፈጭታ የላከችውን ይርጋጨፌ ሞላሁበት፣ ማሽኑ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከታች ጠብ... ጠብ... ብቻ። ለጀበና የተፈጨ ቡና ውስጥ ዱቄት ዱቄቱ ብዙ ነው፣ ጀበና ውስጥ ሲቀመጥ ይዘቅጣል እንጂ ችግር የለውም፣ ካፕሱል ውስጥ ግን እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። ለፊልተር የተፈጨውን ስሞላ ደሞ ውሃው ዝም ብሎ አልፎ ሄደ፣ ቀጭን ቡና። ዋናው ነገር መሃሉ ነው፣ ከፊልተሩ ደቀቅ ያለ ሆኖ እኩል የተፈጨ፣ ለዛ የእጅ ወፍጮ ያስፈልጋል፣ እስከ ጠርዙ ሞልታችሁ ጫን ማድረግ፣ ጠርዙን በጣት ጠርጎ ፎይሉን መለጠፍ። ሲወጣ ግን አቤት! ያ የአበባ ሽታው ኪችኑን ሞላው፣ በሱቅ ካፕሱል አግኝቼው አላውቅም። ኢትዮጵያ የሚል የተጻፈባቸውም ይሸጣሉ፣ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ባዶውን ሲጠጡት ደስ ይላል፣ ማኪያቶ ላይ ግን ወተቱ ይውጣቸዋል፣ ለማኪያቶ ጠቆር ተደርጎ የተቆላውን ውሰዱ። የመሙላቱ ሥራ ብዙ ስለሆነ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የማደርገው።

ቆሻሻው ያሳፍራል። ሳምንቱ ሲያልቅ የተከመረውን ካፕሱል ሳይ ሁለት ሰው ነው ይሄን ሁሉ የጠጣው እላለሁ። ሃምቡርግ በ2016 በመንግሥት ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቶች ካፕሱል እንዳይገዛ ከልክላለች፣ ለ6 ግራም ቡና 3 ግራም ማሸጊያ ይባክናል ብለው ነው። የአሉሚኒየሞቹን እዚህ ማሸጊያ በሚጣልበት ቢጫው ቆሻሻ ውስጥ መጣል ይቻላል፣ እንደገና ይቀልጣሉ፣ ፕላስቲክ የሆኑትን ግን እኔ አልገዛም። በፊልተር ጊዜ አተላውን ከነወረቀቱ ባዮው፣ የሚበሰብሰው ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ውስጥ ነበር የምጥለው፣ ለበረንዳው አበባም አፈሩ ላይ እበትነው ነበር፣ አሁን አበባዎቹ ቅዳሜን ነው የሚጠብቁት።

ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ካፕሱሉን እዩ፣ ማሽኑን በኋላ። ሁሉም ካፕሱል ሁሉም ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ጠርዙ ላይ ባርኮድ ያለበት ትልቁ ክብ አይነት ማሽኑ ባርኮዱን አንብቦ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ እንደልብ ከየሱቁ አይገዛለትም፣ ትንሿ የድሮዋ ግን በየሱፐርማርኬቱ ተመሳሳዩዋ አለ፣ ማሽኑ ርካሽ ነው ብላችሁ ከገባችሁ በኋላ ዕድሜ ልካችሁን ካፕሱሉን ነው የምትገዙት። የመሙያ ብረቱም በብዛት የሚገኘው ለትንሿ ነው። ውሃችሁ ኖራ የሚበዛበት ከሆነ፣ የኛ ሰፈር እንደዛ ነው፣ መብራቱ ሲያስጠነቅቅ ነገ ዛሬ ሳትሉ አጽዱት፣ ከፋብሪካው የሚሸጠውን ባትገዙ እንኳን የኖራ ማስለቀቂያ የሚል ሲትሪክ አሲድ ያለበት ይሆናል፣ ኮምጣጤ ግን አትጨምሩ፣ ጎማውን ይበላል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ወተቱን ደሞ ቅባቱ ሙሉ የሆነውን ግዙ፣ ጠርዙ ላይ 3.5 ወይም 3.8 የሚለውን፣ 1.5 በሚለው የተሠራ ማኪያቶ እኔን አትጋብዙኝ።